ሌባ ሻይ በአሪ ምድር፤ ስለ ፍትሕ ጥማትና ስለ ዳኛ ኅሊና

ፍትሕን የሚሻ ሰው ሁለት ነገር ይሻል። አንደኛው እውነቱ እንዲታወቅ ነው፤ ሁለተኛው የተበደለው እንዲካስ፣ የበደለውም የሥራውን ዋጋ እንዲያገኝ ነው። እነዚህ ሁለት ምኞቶች በአንድ ስም ስለሚጠሩና ብዙውን ጊዜም አብረው ስለሚሄዱ፣ አንዱ ከሌላው የተለየ መሆኑ ጎልቶ አይታይም። ልዩነታቸው የሚገለጸው ጥፋት ተፈጽሞ አጥፊው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ እውነትን የሚሻው ኅሊና «ገና አልታወቀም» ብሎ መቆየት ይችላል፤ ዋጋ ማስከፈልን የሚሻው ስሜት ግን መቆየት ይከብደዋል። የበደለኛው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲቀር፣ አንድ ሰው እስኪገባበት ድረስ ይህ ስሜት አያርፍም።

የማስረጃ ሕግ ታሪክ በአመዛኙ የእነዚህ የሁለት ምኞቶች ትግል ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በኢትዮጵያ ይህን ትግል ጥርት አድርገው ከሚያሳዩት ምዕራፎች አንዱ በደቡብ ኦሞ፣ ዛሬ የጂንካ ከተማ በምትገኝበት በአሪ ሕዝብ ምድር የታየው የሌባ ሻይ ታሪክ ነው። ታሪኩ ሊመረመር የሚገባው ያለፈውን ዘመን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ሲሠራ የነበረው የሰው ጠባይ ዛሬም በዳኛው ወንበር፣ በዐቃቤ ሕጉ ጠረጴዛና በፖሊሱ የምርመራ ክፍል ውስጥ ስላለ ነው።

የሥርዓቱ አሠራር

«ሌባ ሻይ» ማለት ሌባ ፈላጊ ማለት ነው፤ ሻ ማለት ፈለገ ማለት ነውና። ንብረት የተሰረቀበት ሰው ለሹም ሲያመለክት የሙያው ባለቤት ይጠራል። እርሱም ከዕፅ የተቀመመ መጠጥ ለአካለ መጠን ላልደረሰ አንድ ልጅ ያጠጣዋል፤ ጭስ እንዲስብ የሚደረግበትም ጊዜ ነበር። ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡ በመቀነት ታስሮ፣ የመቀነቱን ጫፍ ሰው ይዞለት ይለቀቃል። እየሮጠና እየተንገዳገደ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራል። በመጨረሻ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል፤ የጠፋውን ንብረት ወይም ዋጋውን እንዲከፍል ይደረጋል። ምስክር አይሰማም፤ ክርክር አይደረግም፤ ተከሳሹም የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ልጁ ሲነቃ የሠራውን አያውቅምና።

ይህ ልማድ የተስፋፋው ሙግትን እንደ ታላቅ ጥበብ በሚያከብር አገር ውስጥ መሆኑ ሊያስደንቅ ይገባል። በዚያው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በተጠየቅ ይሟገቱ ነበር፤ መንገደኛው ሳይቀር ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፍርድ ይሰጥ ነበር። አንድ ሰው «በሕግ አምላክ» ብሎ ሲጮኽ የሚሮጠው እግር ይቆም ነበር። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነም አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል የምርመራ ሥርዓት ነበር፤ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ያየና የሰማውን እንዲያወጣ ይገደድ ነበር። አውጫጭኝ ራሱ ብዙ እንከን ነበረበት፤ ንጹሑን ሁሉ ከሥራው አውሎ ያጉላላ ነበር፤ የምስጢር ጥቆማም ለቂመኛ በር ይከፍት ነበር። ሆኖም መሠረቱ የሰው ቃል ነበር፤ ቃል ደግሞ በሌላ ቃል ሊመረመር ይችላል። ሌባ ሻይ ግን ቃልን ፈጽሞ አስቀረ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

ወደ አሪ ምድር እንዴት እንደ ገባ

የዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ ወደ ደቡብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዘልቅ የኦሞ ወንዝ አካባቢ በማእከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ያን ጊዜ ሩዶልፍ ይባል እስከ ነበረው እስከ ቱርካና ሐይቅ ደርሷል። አሪዎች እንሰትና እህል የሚያመርቱ፣ «ባቢ» በሚባሉ አለቆቻቸው ሥር በየግዛታቸው ይተዳደሩ የነበሩ ደገኞች ናቸው። ከዘመቻው በኋላ በባኮና በሌሎች ምሽጎች የሰፈሩት ወታደሮች በደመወዝ ፈንታ ገባር ተመደበላቸው። ገባሩ ያርሳል፣ ይሸከማል፣ ያጥራል፣ ይገብራል። መልከኛው ደግሞ የገባሩ አዛዥ ብቻ አልነበረም፤ በዝቅተኛው ደረጃ ዳኛውም ነበር።

ሌባ ሻይም ወደ አሪ የመጣው ከእነዚህ ሰፋሪዎች ጋር ነው። የማኅበረሰብ አጥኚው አሌክሳንደር ናቲ እ.ኤ.አ. በ1994 «ኤትኖሎጂ» በተባለው መጽሔት ባሳተመው ጥናት፣ ይህ ሥርዓት በአሪ ምድር ከ1890ዎቹ እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የነበረውን ታሪክ ተከታትሏል። ከጥናቱ የሚገኘው ዋና ቁም ነገር፣ በሰሜን እንደ ሌባ ማግኛ ዘዴ የታወቀው ልማድ በተያዘው አገር ላይ ሲተከል የአገዛዝ መሣሪያ መሆኑ ነው።

ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። በሰሜን ልጁ የሚወድቅበት ቤት የከሳሹ ጎረቤት፣ ምናልባትም የሥጋ ዘመዱ ቤት ነው። ተከሳሹ በከሳሹና በሹሙ ቋንቋ ይናገራል፤ ጠበቃና ዋስ ያገኛል፤ ሲከፋው ይግባኝ ብሎ እስከ አፈ ንጉሡ ችሎት መጮኽ እንደሚችል ያውቃል። በአሪ ግን ከሳሹም ዳኛውም ከአንድ ወገን ነበሩ፤ ተከሳሹ ከሌላው። የአሪው ቃል ለሹሙ ጆሮ የሚደርሰው በቱርጁማን ነበር፤ ይግባኙ የሚሰማበት ችሎት ከእግር ጉዞው ርቀት የተነሣ እንደ ሌለ የሚቈጠር ነበር። በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሚኒስትሮች ተሹመው አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ይህ ታላቅ እርምጃ በባኮ ምሽግ ዙሪያ ላለው ገባር ያመጣለት ለውጥ ጥቂት ነበር። ስሕተትን የሚያርሙት እነዚህ ልዩ ልዩ መንገዶች ሁሉ ሲዘጉ፣ ሥርዓቱ በሠለጠነው ሰው ላይ ሲፈጽም ከነበረው በደል ይልቅ በማይታወቀው ሰው ላይ የሚፈጽመው እጅግ የከፋ ሆነ።

ጉልበት ላለው ሰው ልጁ ለምን አስፈለገው?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሌባ ሻይ ዓላማ መዝረፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ልጅ ማስከር ምን አስፈለገው? በቀጥታ መውሰድ ይችል ነበር፤ ብዙ ጊዜም ወስዷል። ልጁ ያስፈለገበት ምክንያት የጥያቄው ፍሬ ነገር ነው። ጉልበተኛውም እንኳ የሚያደርገው ነገር ፍርድ እንጂ ዘረፋ አለመሆኑን ለራሱ ማሳመን ይፈልጋል። የፍትሕ ጥማት በደካማው ልብ ብቻ ያለ ስሜት አይደለም፤ በጠንካራውም ልብ አለ፤ አደገኛነቱም እዚያ ላይ ይበረታል።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ጠባይ በፈተና መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1966 ሜልቪን ለርነርና ካሮሊን ሲመንስ የተባሉ አጥኚዎች ባደረጉት ሙከራ፣ ተመልካቾች አንዲት ተማሪ በስሕተቷ ምክንያት በኤሌክትሪክ ስትቀጣ የሚያዩ መሰላቸው፤ በእርግጥ ግን ቅጣቱ የማስመሰል ነበር። ስቃይዋን ለማስቆም ዕድል የተሰጣቸው ተመልካቾች አስቆሙላት። ዕድሉን ያላገኙትና ስቃይዋ የሚቀጥል የመሰላቸው ግን ውለው ሳያድሩ እርስዋን ዝቅ አድርገው መገመት ጀመሩ። ለርነር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሰው ዓለም ለእያንዳንዱ የሚገባውን እንደምትሰጥ ማመን ይፈልጋል። ይህን እምነት የሚያፈርስ ነገር ሲያይ ከቻለ በደሉን ያቃናል፤ ካልቻለ ግን ተበዳዩን «ይገባዋል» ብሎ እምነቱን ያቃናል።

ይህ ግኝት በአሪ ምድር ላይ ሲታሰብ ብዙ ነገር ይገልጻል። ልጁ በአንድ ገባር ደጃፍ ሲወድቅ፣ ተመልካቹ በፊቱ ሁለት ሐሳብ ይቆማል። አንዱ «ይህ ሰው ያለ አንዳች ጥፋት ሊወረስ ነው» የሚል ነው፤ ይህን መቀበል ያስጨንቃል። ሌላው «ያለ ነገር ልጁ እዚህ ቤት አይወድቅም» የሚል ነው፤ ይህ ያሳርፋል። የሚያሳርፈውን ሐሳብ መምረጥ ክፋት አይጠይቅም፤ ድካም ብቻ ይበቃዋል። ቀድሞውኑ የተናቀ ሕዝብ ከሆነ ደግሞ ምርጫው ይበልጥ ይቀላል።

ሁለተኛው የሥርዓቱ ኃይል ኃላፊነትን ማጥፋቱ ነበር። ልጁ ሕፃን ነው፤ ስለዚህ አያዳላም። ራሱን ስቷል፤ ስለዚህ ፈቃዱ የራሱ አይደለም። መድኃኒተኛው መድኃኒት ሰጠ እንጂ ቤቱን አልመረጠም። መቀነቱን የያዘው ሰው ተከተለ እንጂ አልመራም። ሹሙም የተገኘውን ሌባ ቀጣ እንጂ ሌባውን አልፈለገም። ከሁሉም እጅ ትንሽ ትንሽ ተዋጥቶ አንድ ሰው ሲጠፋ፣ አጠፋሁት የሚል አንድም ሰው አይገኝም። በመቀነቱ ጫፍ ያለው እጅ ልጁን በትንሹ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ስቦት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ዳኛ አልነበረም፤ ሥርዓቱ የተዘጋጀው ይህ ጥያቄ እንዳይነሣ ነውና።

የሌሎች አገሮች ተመሳሳይ ታሪክ

ይህ ጠባይ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ምስክር የጠፋለት ክርክር በጋለ ብረትና በውሃ ፈተና ይቆረጥ ነበር። ካህኑ ብረቱን ይባርካል፤ ተከሳሹ ይጨብጣል፤ የእጁ ቁስል አፈዋወስ ፍርዱን ይገልጻል ተብሎ ይታመናል። እዚያም ዳኛው ሰው ሳይሆን እግዚአብሔር ነው ስለሚባል የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1215 የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ካህናት በዚህ ሥርዓት እንዳይሳተፉ ከለከለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለሕግ ሰው ትልቅ ትምህርት አለው። በእንግሊዝ አገር የፈተናውን ቦታ የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ ወሰደው። በዋናው አውሮፓ በብዙ አገሮች ግን ለከባድ ወንጀል የሁለት የዓይን ምስክሮች ቃል ወይም የተከሳሹ ኑዛዜ ያስፈልጋል ተባለ፤ ሁለት ምስክር በማይገኝበት ጊዜ ኑዛዜውን ለማግኘት ሰውነትን ማሠቃየት በሕግ የተፈቀደ መንገድ ሆነ። ብረቱና ውሃው ቀሩ፤ እርግጠኛ የመሆን ጥማት ግን አልቀረም፤ ሌላ ልብስ ለብሶ ተመለሰ።

በቅርቡ ዘመንም ተመሳሳይ ማስረጃ ተገኝቷል። በአሜሪካ ከ1989 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ300 በላይ የሚሆኑ ፍርደኞች በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ንጹሕ መሆናቸው ተረጋግጦ ተለቀዋል። ከእነዚህ ውስጥ በሁለት ሦስተኛ ገደማ በሚሆኑት ላይ የዓይን ምስክር በቅን ልቡና ተሳስቶ «እርሱ ነው» ብሎ ነበር፤ ጥቂት የማይባሉትም ያልሠሩትን ወንጀል ራሳቸው አምነው ነበር። በነዚያ ችሎቶች ጠበቃ ነበረ፤ ይግባኝም ነበረ። ሰካራም ልጅ ብቻ አልነበረም፤ እርግጠኛ ለመሆን የቸኮለ ሰው ግን ነበረ።

ክልከላውና ከዚያ በኋላ የመጣው ሕግ

ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ይህን የሌባ ሻይ ልማድ፣ ንጹሐን የሚጎዱበት መሆኑን በማየት በአልጋ ወራሽነታቸው ዘመን እንዲቀር ማድረጋቸውን በሕይወት ታሪካቸው መጽሐፍ ጠቅሰዋል። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትና የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጁ። ይሁን እንጂ የአሌክሳንደር ናቲ ጥናት የሚሸፍነው ዘመን ራሱ እንደሚያመለክተው፣ ከአዲስ አበባ የወጣ ክልከላ በአሪ ተራሮች ላይ ያለውን ደጃፍ ሁሉ ወዲያው አላንኳኳም። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፍርድ ቤቶች አቋም በአዋጅ ተደራጀ፤ በ1949 ዓ.ም. አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጡ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የገባርነትን ትራፊ ከሥሩ ነቀለው።

የ1954 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 31 ፖሊስ ተጠርጣሪን በተስፋ ወይም በማስፈራራት ቃል እንዳያስሰጥ ከለከለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ተገድዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት እንዳይቀርብ፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠርና ችሎቱ በማያውቀው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ደነገገ። የእነዚህ ድንጋጌዎች ትርጉም በሌባ ሻይ ታሪክ ፊት ሲነበቡ ይጎላል። እያንዳንዳቸው በአሪው ገባር ላይ ተዘግቶ የነበረን አንድ በር ይከፍታሉ፤ ንጹሕነቱ ይገመታል፤ ቃሉ በቋንቋው ይሰማል፤ የቀረበበት ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል።

እነዚህን ሕጎች ክፉ ዳኛን ለመግታት የወጡ አድርጎ የሚያይ ብዙ ነው። ክፉ ዳኛ ግን ሕግን የሚዞርበት መንገድ አያጣም። የማስረጃ ሕግ በይበልጥ የሚያስፈልገው ለደጉ ዳኛ ነው፤ ለተበደለው አዝኖ፣ በጥፋቱ ተቈጥቶ፣ ያች የቀረችውን የበደለኛ ቦታ በፊቱ በቆመው ሰው ሊሞላ ለሚቸኩለው። እ.ኤ.አ. በ2002 ካርልስሚዝ፣ ዳርሊና ሮቢንሰን ያሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የቅጣት ዓላማ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ ወንጀልን መከላከል ነው ቢሉም፣ ቅጣቱን በመጠን ሲወስኑ ግን የሚከተሉት በጥፋቱ ምክንያት የተነሣባቸውን ቁጣ መሆኑን አሳይቷል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 1 ዓላማው ወንጀልን መከላከል መሆኑን ይናገራል፤ በአንቀጽ 88 ዳኛው የጥፋተኛውን የግል ሁኔታ፣ ያለፈ ሕይወቱን፣ የተነሣሣበትን ምክንያትና የትምህርቱን ደረጃ እንዲመዝን ያዛል። ይህ ትእዛዝ በዳኛው ቁጣና በብዕሩ መካከል የተቀመጠ ጥቂት የማሰቢያ ጊዜ ነው።

በደቡብ ኦሞ የነበረው ሌላው መንገድ

ደቡብ ኦሞ ከሰሜን የመጣለትን ሥርዓት ብቻ ሲቀበል የኖረ፣ የራሱ የፍርድ ልማድ ያልነበረው አገር አልነበረም። አሪ፣ ማሌ፣ ሐመር፣ በና፣ ጸማይ፣ ካራ፣ አርቦሬ፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲ፣ ቦዲና ሌሎችም ሕዝቦች በየራሳቸው ሸንጎ ጉዳያቸውን ሲያዩ ኖረዋል። እንግሊዛዊው አጥኚ ዴቪድ ተርተን ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙርሲዎች መካከል ተቀምጦ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1975 ሲያሳትም፣ የሙርሲ ጉባኤ እንዴት እንደሚካሄድ ገልጿል። ተናጋሪው ተራውን ጠብቆ ይነሣል፤ እየተመላለሰ ይናገራል፤ ሲጨርስ ሌላው ይተካል። ድምፅ አይሰጥም፤ ተነሥቶ «ፈርጃለሁ» የሚል አንድ አለቃም የለም። ንግግሩ ራሱ ሰውን ቀስ በቀስ ወደ አንድ ሐሳብ ያመጣዋል።

ይህ ለችኩል ሰው ጊዜ ማባከን ይመስላል። ይሁን እንጂ ጆን ቲቦና ሎረንስ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1975፣ ቶም ታይለር ደግሞ በ1990 ባሳተሟቸው መጻሕፍት እንዳሳዩት፣ ሰው የተፈረደበትን ፍርድ የሚቀበለው ባሸነፈ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ በሙሉ ከተሰማለትና በአክብሮት ከተያዘ ተሸንፎም ፍርዱን ይቀበላል። ሳይሰማ ያሸነፈ እንኳ በሥርዓቱ ላይ እምነት ያጣል። ሽማግሌዎች ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጡ የሚውሉት ይህን በመጽሐፍ አንብበው አይደለም፤ ከጉባኤው በኋላ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ውሃ ዳር ከብት እንደሚያጠጡ ስለሚያውቁ ነው። ሰው የተገደለበት ቤተሰብ የገዳዩን መታሰር ብቻ አይሻም፤ ደሙ በካሣና በእርቅ እንዲደርቅ ይሻል። ወህኒ የወረደ ሰው ቅጣቱን ጨርሶ ሲመለስ እርቁ ካልወረደ፣ መንግሥት ጨርሻለሁ ያለው ፋይል በሜዳ ላይ እንደገና ይከፈታል።

ሱዛን ኤፕልና ጌታቸው አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2020 ያዘጋጁት ስለ ሕግ ብዝኃነት በኢትዮጵያ የሚተርከው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ በብዙ የአገሪቱ አካባቢዎች ሰው ከባድ ጉዳዩን ሳይቀር ወደ ሽማግሌዎች ይዞ ይሄዳል፤ የመንግሥት ሹማምንትም ሰላም ለማውረድ ከሽማግሌዎች ጋር ይሠራሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እና 78 በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የባህልና የሃይማኖት ዳኝነትን ይቀበላል፤ የወንጀል ጉዳይ ግን የመንግሥት ነው። በሥራ ላይ ያለው ልማድ ከዚህ መሥመር አልፎ የሚሄድ በመሆኑ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር በየቀኑ የሚሠመረው በዳኛው፣ በዐቃቤ ሕጉና በሽማግሌው ጥንቃቄ ነው።

የሽማግሌ ጉባኤም ቢሆን ከዚያ የበደለኛ ፍለጋ ጠባይ ነጻ አይደለም። በካራ፣ በሐመርና በበና ዘንድ የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን «ሚንጊ» ተብሎ፣ ድርቅና በሽታ ያመጣል በሚል እምነት ሲገለልና ሕይወቱን ሲያጣ ኖሯል። ዝናብ ሲቀር የሚጠየቅ መፈለግ፣ ላም ሲሰረቅ የሚጠየቅ ከመፈለግ ጋር አንድ ምንጭ አለው፤ መከራው ባለቤት እንዲኖረው ይፈለጋል፤ ባለቤት የሚሆነውም መልስ መስጠት የማይችለው ነው። በሌባ ሻይ ልጁ ጠቋሚ ነበረ፤ በሚንጊ ልጁ ተጠቋሚ ሆነ። ነገር ግን በ2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ራሳቸው ተነጋግረው ይህን ልማድ ለማስቀረት መወሰናቸው ይታወሳል። ከውጭ የመጣ ክልከላ ብዙ ዓመት ያልደረሰበትን ቦታ፣ በራስ ጉባኤ የተደረገ ንግግር ሊደርስበት እንደሚችል ይህ ውሳኔ ያሳያል።

ለዛሬ ዳኛ

በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ አሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። የገባሩ የልጅ ልጆች ዛሬ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ናቸው። ሆኖም በጂንካም ሆነ በሌላ ከተማ የሚያስችል ዳኛ ቋንቋውን የማያውቀው ተከሳሽ በፊቱ የሚቆምበት ቀን አልጠፋም። ከብት ተነድቷል፤ ሰው ሞቷል፤ ሕዝቡ ውጤት ይጠብቃል፤ ፖሊስ ሰው አቅርቧል። ተከሳሹ ከቈላው የመጣ ነው፤ አስተርጓሚው ረጅሙን ንግግር በሁለት ቃል ይመልሰዋል። በዚያች ሰዓት ዳኛውን የሚፈታተነው ጉቦ ወይም ፍርሃት ላይሆን ይችላል፤ ፍትሕ ለመስጠት ያለው ቅን ጉጉት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠቅሙ ጥያቄዎች ከአሪ ታሪክ ይገኛሉ። ይህ ሰው የቀረበው ማስረጃ ወደ እርሱ ስለ መራ ነው ወይስ በቅርብ የተገኘ እርሱ ስለ ሆነ? መቀነቱን የያዘው ማን ነው፤ ጠቋሚውን፣ ምስክሩን፣ አስተርጓሚውንስ የሚስብ ጥቅም አለ? ይህ ማስረጃ በራሱ ቋንቋና በራሱ ዘመድ ላይ ቢቀርብ ኖሮ ዳኛው ይበቃኛል ይል ነበር? ተከሳሹ የተናገረው ሁሉ ተተርጉሟል? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ ይቅርታ እንደማያሰጥ ከደነገገ በኋላ፣ በቅን ልቡናና በበቂ ምክንያት መብት ያለው መስሎት ለሠራ ሰው ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ማቅለል እንዲችል ፈቅዷል። ይህን ለመመዘን የተከሳሹን ዓለም ማወቅ ግድ ይላል፤ ማወቅ ደግሞ ማዳመጥን ይጠይቃል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው የአበው ቃል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለተበደለ ሰው መጽናኛ እንዲሆን ነው። ለዳኛ ግን የሥራ መመሪያ ነው። ሌባ ሻይ ንጋቱን ሳይጠብቅ፣ በአንድ ቀን ሌባ ለማግኘት ቃል የሚገባ ሥርዓት ነበር፤ ቃሉንም ሁልጊዜ ይጠብቅ ነበር፤ ልጁ ሳይወድቅ የሚቀርበት ቀን የለምና። እውነተኛ ችሎት ግን አንዳንድ ቀን ያለ ጥፋተኛ ይበተናል። ያን ቀን የተበደለው ያዝናል፤ ሕዝቡም ያጉረመርማል። ዳኛው ሐዘናቸውን ተካፍሎ፣ ማጉረምረማቸውን ታግሦ፣ በማስረጃው ልክ «አልተረጋገጠም» ብሎ መጻፍ አለበት። በአሪ ምድር ያ ቃል ለአርባ ዓመት ያህል የሚጽፈው ሰው ሲያጣ ምን እንደ ደረሰ በታሪክ ተመዝግቧል።